የአንኮበር መንገድና የማለዳ ማዕድ



ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄደው ወይ ለንግድ፣ ወይ ለሹመት፣ ወይ ዘመድ ለመጠየቅ ነው። እኛ ግን ባለፈው የጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ወደ አንኮበር የወጣነው ስለ ተናገርነው አንድ ክፉ ቃል ነው። ከአፍ የወጣ ቃል እንደማይመለስ እናውቃለን። ነገር ግን ቃሉን ተከትሎ የሚመጣው ጉዳት ገና ሳይደርስ የሚያዝበት ጊዜ አለና፣ ያ ጊዜ እንዳያመልጠን ተጣደፍን።

ነገሩም እንዲህ ነው። ሥራችን በአንድ ፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። መዝገብ እናወጣለን፣ መዝገብ እንመልሳለን፣ የውሳኔ ግልባጭ ለባለጉዳይ እንሰጣለን። በአንድ ማክሰኞ ቀን ቍርስ ሳንበላ ከቤት ወጣን። መሥሪያ ቤት እንደ ደረስን ስኳር የበዛበት አንድ ስኒ ቡና ጠጣን፤ በአራት ሰዓት ሁለተኛውን፣ በአምስት ሰዓት ተኩል ሦስተኛውን ደገምን። ለምሳ ዕረፍት ጥቂት ሲቀረው ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት በመስኮታችን ፊት ቆሙ። ሟች ባለቤታቸው በአዲስ አበባ ስለ ተዉት ቤት የውርስ ክርክር ተነሥቶ ተፈርዶባቸው ነበርና፣ ይግባኝ ለማለት የውሳኔውን ግልባጭ ፈለጉ። የመዝገቡ ቍጥር የተጻፈበትን ወረቀት ከመቀነታቸው ፈትተው እስኪያወጡ ድረስ እንኳ ለመታገሥ አልቻልንም። «ምን ታጓትቺናለሽ፤ ነገ ተመለሽ» አልናቸው። እናታችን ሊሆኑ የሚገባቸውን ሴት «አንቺ» ብለን ተናገርን። እርሳቸውም አንዲት ቃል ሳይመልሱ ወረቀቱን እንደገና ቋጥረው ሄዱ።

ከዚያም ምሳ በላን። ተመልሰን በዚያው ወንበር፣ በዚያው መስኮት ተቀመጥን፤ ልባችን ግን የቀድሞው አልነበረም። ጧት እንደ ተራራ የከበደን መዝገብ ቀለለን፣ የጓደኛችን ሳልም አላስመረረንም። ያን ጊዜ አሮጊቷን አስታወስንና አፈርን። ቀኑ ማክሰኞ ስለ ነበረ ጾም ነው ብለን ልናመካኝ አንችልም። የሚጾም ሰው እንደሚራብ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም አንደበቱን ይጠብቃል። እኛ ግን የተራብነው በቸልታ ነውና መራባችንን እንኳ አላወቅንም። ቍጣችን ከሴትየዋ መዘግየት የመጣ መስሎን ነበር።

በማግሥቱ ጠበቅናቸው፤ አልመጡም። ቀን በቀን ላይ ተጨመረ። በሌላው ሳምንት መዝገቡን አውጥተን ስንመለከት፣ ለይግባኝ ከተፈቀደው 60 ቀን የቀረው 9 ቀን ብቻ ነበር። በመዝገቡ የተጻፈው ስልክ አልሠራም፤ አድራሻው ግን አንኮበር ይላል። ስለዚህ ግልባጩን አዘጋጅተን፣ ማኅተም አስደርገን፣ ከአለቃችን የሁለት ቀን ፈቃድ ተቀብለን ሐሙስ ማለዳ በ12 ሰዓት ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈርን።

በአውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በብርድ ተኰራምቶ ዝም ብሎ ነበር። ከዝምታው የወጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም አንድ ጐበዝና አንዲት ነጋዴ ሴት ናቸው፤ ስለ መስኮት መከፈትና መዘጋት ይጣሉ ነበር። ሰንዳፋን አልፈን ወደ ሸኖ ሜዳ ስንቃረብ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ከከረጢት አውጥተው ለጎረቤቶቻቸው በእፍኝ በእፍኝ ማደል ጀመሩ። ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ እስከ ፊት ደረሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አውቶቡሱ በጨዋታ ተሞላ። ጐበዙም መስኮቱን ራሱ ዘጋላት፤ ሴትየዋም ስለ ሸኖ ቅቤ ዋጋ ታጫውተው ጀመር። የፀሐዩ መውጣትም ረድቶ ይሆናል፤ ቢሆንም እኛ የገዛ ጥፋታችንን ተሸክመን ስለ ሄድን ዓይናችን ከቆሎው ላይ አልተነሣም።

ደብረ ብርሃን የደረስነው በሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የታወቀች ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች በጥቅምት ብርዷ አጥንት ይሰብራል። እዚያ የአንኮበሩን መኪና እየጠበቅን ቍርስ በላንና፣ ስለዚህ ነገር ያነበብነውን በልባችን እናመላልስ ጀመር።

የሰው አንጐል ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያጠፋው ኃይል ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። ስለዚህ የማዕድ መዛባት ቶሎ የሚታወቀው በእርሱ ላይ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ያፈሳል፤ ይኸውም ቅመም በፍርሃትና በቍጣ ጊዜ የሚፈስሰው ነው። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውም ያልተቆጣ ሲሆን የተቆጣ ይመስለዋል። በባዶ ሆድ የተደጋገመ ቡናም ይህን ያብሳል እንጂ አያድንም። ካፌይን የተባለው ቅመም በጠጣነው ልክ ግማሹ ከደማችን ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋልና፣ የጧቱ ስኒ ሳይወጣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደረብበታል።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሰል ኪስ የተባሉ ሊቅ ይህንኑ በሰው ላይ መረመሩ። በኅሊናቸው ምክንያት ጦር ሜዳ አንወጣም ያሉ 36 ጤነኛ ጐበዛዝት፣ በጦርነቱ ለተራበው ሕዝብ መርጃ የሚሆን ዕውቀት እንዲገኝ ሲሉ በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት ያህል ከልማዳቸው ግማሽ የሚሆን ምግብ እየበሉ ኖሩ። ሰላምን የመረጡት እነዚህ ሰዎች በጥቂት ነገር የሚቆጡ፣ ጨዋታ የሚሸሹ፣ ቀንም ሌሊትም ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ ሆኑ። ጠባያቸው መልካም ስለ ነበረ ከዚህ አላመለጡም።

ለእኛ ለፍርድ ቤት ሰዎች ይልቁን የሚቀርበን ግን በ2011 ከእስራኤል አገር የወጣው ጥናት ነው። 8 ዳኞች የሰጧቸው 1,112 የአመክሮ ውሳኔዎች ሲቈጠሩ፣ በችሎቱ መጀመሪያ ከመቶ 65 ያህሉ ለእስረኛው የሚቀና ሲሆን፣ የዕረፍት ሰዓት እየቀረበ ሲሄድ ወደ ባዶ ይወርድ ነበር፤ ከምግብ ዕረፍት በኋላም እንደገና ወደ 65 ይመለሳል። ሌሎች ሊቃውንት ግን በዚያው ዓመት ተቃወሙ፤ የጉዳዮቹ ተራ በዕጣ የወጣ አይደለም፣ ጠበቃ የሌላቸው እስረኞች ወደ መጨረሻ ይቀርባሉና ልዩነቱ ከዚያ ሊመጣ ይችላል አሉ። እኛ በዚህ ክርክር ዳኛ ልንሆን አንችልም። ነገር ግን ያን ማክሰኞ በመስኮታችን የሆነውን ስለምናውቅ፣ ጥናቱን ስናነብ ፊታችን ቀላ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ ሜዳው ሁሉ ገብስና ባቄላ ነበር። በየድንበሩ በጎች ተሰማርተዋል፤ ሰዎቹ በጋቢ ተጠቅልለው በፈረስ ያልፋሉ። ከዚያም ምድሩ በድንገት እንደ ተቈረጠ ያልቃል። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ወደ መስኮት ያዘነብላል፤ ታች በጭጋግ ውስጥ የአፋር ቈላ ሰማይና ምድሩ ሳይለይ ተዘርግቶ ይታያል። በዚህ አፋፍ ላይ ያለችው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ ዐፄ ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው አስቀድሞ የተቀመጡት በእርሷ ነው። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ጕብታ ዛሬም በጥድ መካከል ጐልቶ ይታያል።

የአሮጊቷን ቤት የአካባቢው ልጆች መርተው አሳዩን። በደጃቸው ተቀምጠው ባቄላ ይለቅሙ ነበር። ባዩን ጊዜ ዐወቁንና ተነሡ። እኛም ጐንበስ ብለን «እናቴ፣ ይቅር ይበሉን» አልን፤ ግልባጩንም በሁለት እጃችን አቀረብን። እርሳቸው ግን ወረቀቱን አልተቀበሉም። «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፤ ለመንገደኛ ሳይበላ ነገር አይነገረውም» አሉን። የእርሳቸው «አንተ» የእናት ነበረ፤ የእኛ «አንቺ» ግን የቍጣ ነበረና፣ ከውኃው በፊት ይህ አጠበን።

የቀረበውም የገብስ እንጀራ ነበር፤ በላዩ ሽሮ ወጥና ጎመን፣ በጐኑም እርጎ። ለመክሰስ በሶ በቅቤ ታሸ። ከማዕዱ ላይ ከሱቅ የተገዛው ጨው ብቻ ይመስለን ነበር። እየበላን ሳለ የቤታቸውን ሥርዓት አጫወቱን። በዚያ ቤት ልጅ በሶ ሳይቀምስ ወደ ትምህርት ቤት አይሄድም። ሟች ባለቤታቸውም በአገሩ ሽማግሌነት የተጣላ ያስታርቁ ነበርና፣ ዕርቅ ባለበት ቀን ሽማግሌዎቹን ሁሉ ቤታቸው አስገብተው ሳያበሉ አይሰዷቸውም ነበር። «የተራበ ሽማግሌ አያስታርቅም፤ ቶሎ ለመነሣት ሲል ይፈርዳል እንጂ» አሉን።

ስለ ምን እንዳልተመለሱ ጠየቅናቸው። «ለሁለተኛ መሳፈሪያ ገንዘብ አልነበረኝም። ደግሞም ‹ነገ› ያልከኝ ‹አትምጪ› ማለትህ መሰለኝ» አሉ። ቀጥሎም ጥቂት ፈገግ ብለው «ያን ቀን እኔም ከሌሊት ጀምሮ አልቀመስኩም ነበር፤ በልቼ ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣልህም ነበር» ብለው አሳቁን። ነገር ግን ሳቁ ሳያልቅ እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ ከመስኮቱ ውጭ የቆመ ሰው ተርቦ ቢቆጣ የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ከመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ተርቦ ቢቆጣ ግን የሚጎዳው ሌላውን ነው።» ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ተቀበሉ።

ከምሳ በኋላ በደጃፉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ስለዚያ ማዕድ ስናስብ፣ የምግብ ሰዓት ብቻ ሳይሆን የምግብ ዓይነትም በአእምሮ ላይ ያለው ሥልጣን ትዝ አለን። ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ብዙ ድሆች የበቈሎ ቂጣ፣ የአሳማ ስብና ሽሮፕ ብቻ እየበሉ ይኖሩ ነበር። ሆዳቸው ይሞላል፤ ነገር ግን ቆዳቸው ይላጣል፣ ኋላም አእምሯቸው ይታወካል፤ ብዙዎቹም ወደ እብዶች መጠበቂያ ይገቡ ነበር። ፔላግራ የተባለውን ይህን በሽታ ሰዎች ተላላፊ ነው ሲሉ፣ በ1914 መንግሥት የላካቸው ሐኪም ጆሴፍ ጎልድበርገር ነገሩ የማዕድ እንደ ሆነ ተረዱ፤ ለሕፃናት ማሳደጊያዎች ወተት፣ ሥጋ፣ እንቍላልና ጥራጥሬ ሲጨመር በሽታው ጠፋ። የጐደለውም ኒያሲን የተባለው ቪታሚን መሆኑ ከ1937 ጀምሮ ታወቀ። ሐዘናቸውን ከጠባያቸው ወይም ከዕድላቸው ሲቈጥሩ የኖሩ ብዙ ሰዎች፣ ያጡት አንድ እፍኝ ጥራጥሬና አንድ ስኒ ወተት ነበረ።

በእኛ ዘመን ደግሞ በ2017 ከአውስትራልያ አንድ ጥናት ወጣ። በብርቱ የመንፈስ ጭንቀት የተያዙ 67 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፤ እኵሌቶቹ ለ12 ሳምንት ስለ አመጋገብ ምክር ሲሰጣቸው፣ የቀሩት በዚያው ጊዜ የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው። ምክሩም አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት አብዝቶ መብላት፣ ጣፋጭንና በፋብሪካ የተለወጠ ምግብን መቀነስ ነበር። በመጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 32 ያህሉ፣ ከሁለተኞቹ ግን ከመቶ 8 ያህሉ ከጭንቀቱ ወጡ። ተመርማሪዎቹ ጥቂት ናቸውና ይህን የመጨረሻ ቃል አናደርገውም። ቢሆንም የዚያን ምክር ዝርዝር ከአንኮበሩ ማዕድ ጋር ብናስተያየው፣ ከዓሣውና ከወይራ ዘይቱ በቀር ብዙው በዚያ ሞሰብ ላይ ነበረ። ሙሉው ገብስ ስኳሩን ወደ ደም የሚለቀው በዝግታ ስለ ሆነ፣ የበላው ሰው እንደ ነጭ ዳቦና እንደ ስኳር ሻይ ቶሎ ተነሥቶ ቶሎ አይወድቅም። ባቄላው፣ ሽሮውና ጎመኑ አንጐል የሚሠራበትን ፎሌት የተባለ ቪታሚን ይሰጣሉ። እኛ በከተማ ያለን ግን ይህን ሁሉ የድሃ ምግብ ብለን ትተን፣ ልጆቻችንን በብስኩትና በስኳር ሻይ ወደ ትምህርት ቤት እንሸኛለን፤ በአራት ሰዓት ሲነጫነጩም በጠባያቸው እንገሥጻቸዋለን።

በልማዳችን ውስጥ ሳይታወቀን የሚጎዳንም አለ። ጤፋችን ብረት የተባለው ማዕድን የሞላበት ሲሆን፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ያግዱታል። ብረት ያነሰው ሰው፣ ይልቁንም ሴት፣ ይደክማል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ ልቡ ያዝናል። ስለዚህ የምሳውን ቡና አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት መልካም ነው። ቢ 12 የተባለው ቪታሚንም በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቍላል ነው፤ ቢጐድል ነርቭንና አእምሮን ይጎዳል። እንግዲህ ጾም የሚያበዛ ሰው በፍስኩ ቀን እነዚህን መናቅ አይገባውም፤ አረጋውያንም ድካምና መርሳት ቢበዛባቸው በእርጅና ብቻ ሳያሳብቡ ደማቸውን ቢያስመረምሩ ይሻላል።

ይህን ስንጽፍ ማዕድ ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። ሐዘን የጠናበት፣ እንቅልፍ የራቀው፣ መኖሩን የጠላ ሰው ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባዋል፤ በሶ ብቻ ማቅረብ እርሱን መበደል ነው። ደግሞም የሚበላው ያጣ ሰው ስለ ቍርስ ሥርዓት ቢመከር ስድብ ይሆንበታል። ነገራችን እያለው ለተወው፣ ይልቁንም የሌላ ሰው ጉዳይ በእጁ ላለ ሰው ነው።

በዚያች ሌሊት በአንኮበር ስናድር ልጅነታችን ትዝ አለን። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ስንቈጥር፣ ከሩቅ አገር የመጡ ጓደኞቻችን ቆሎ ያነሰ ቀን ስለ መቀመጫ ይደባደቡ ነበር፤ የኔታም መጣላታቸውን ሲያዩ ከአለንጋው በፊት «ዛሬ ምን ቀመሳችሁ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንገባ ደግሞ የቍርስ ደወል ከትምህርት ደወል በፊት ይደወል ነበር። ሁለቱም መምህራን አንዱን ነገር አስተምረውን ነበር፤ እኛ ግን ወንበር ካገኘን በኋላ ረሳነው።

ዓርብ ተመለስን። ቀኑ የጾም ነበረና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳንቀምስ በመኪና ተጓዝን። ራበን፤ ነገር ግን መራባችንን ዐውቀነው ነበርና ከማንም ጋር አልተጣላንም። በመንገድም ባልንጀራችን ሁለት ጊዜ እግራችንን ሲረግጠን ሁለት ጊዜ «ግድ የለም» አልነው።

አሮጊቷ በሚቀጥለው ሰኞ ከልጃቸው ጋር መጥተው፣ ቀኑ ሳያልፍ የይግባኝ አቤቱታቸውን አስገቡ። ክርክሩ ገና አልተፈጸመም፤ የሚፈረደውም በሕጉና በማስረጃው ነው እንጂ በእኛ ጸጸት አይደለም። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ በመሳቢያችን የገብስ ቆሎ አይጠፋም፤ ከቍርስ በፊትም ቡና አንጠጣም። የምሳ ዕረፍት ሲቃረብ በመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው የዘገየብን ከመሰለን፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ራሳችንን ነው፤ ጥያቄውም ያ የየኔታ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ እናንተ ሕዝብ የምታስተናግዱ ሹማምንት፣ ቤት የምታስተዳድሩ እመቤቶችም፣ ለፊርማ ብዕር ከማንሣታችሁ፣ አሽከርና ልጅ ከመገሠጻችሁ በፊት ማዕዳችሁን በሰዓቱ አቅርቡ። ከመስኮታችሁ ውጭ የቆመው ሰው የእናንተን ረኃብ ሊሸከም አይገባውምና።